ክሬጊቫር ካስል፦ ዲያስፖራው ነጋዴ ጅምር ቤት ገዝቶ የጨረሰው ሮዝ ግንብ

ስኮትላንድ መጥቶ ካስል ማየት የፈለገ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚወሰደው ኤድንብራ ነው። ይታይ፣ ክፋት የለውም፣ ግን እሱ ከቤትነቱ የጦር ሰፈርነቱ ያመዝናል፣ ሰልፉም ቀላል አይደለም። ሰው የኖረበት፣ ልጅ ያሳደገበት፣ እንግዳ የተቀበለበት ግንብ ማየት ካማራችሁ ግን ወደ ሰሜን ምስራቅ ወደ አበርዲንሺር ውጡና ክሬጊቫርን እዩ። ከአበርዲን ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አልፎርድ ከምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል። ኢንስታግራም ላይ ሳታዩት አትቀሩም፣ ያ ሮዝ ቀለም ያለው ቀጭን ረጅም ግንብ፣ አናቱ ላይ ሾጣጣ ኮፍያ የደፉ ትንንሽ ማማዎች ያሉት። ሰዉ አብዛኛው ለፎቶው ነው የሚመጣው፣ ከውጭ ሁለት ሶስት ሰልፊ ይነሳና ይሄዳል፣ እንዲህ ከሆነ ባይመጣም ያው ነበር። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ፊኒሺንግ ስራ ላይ ስለነበርኩ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ልስንና ኮርኒስ ላይ ነው፣ ስለዚህ ይሄ ሪቪው ወደዛ ቢያዘነብል አትፍረዱብኝ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

ክሬጊቫር ታወር ሃውስ ከሚሏቸው ግንቦች አንዱ ነው፣ ታወር ሃውስ ምን እንደሆነ በቅድሚያ ካልገባ የቀረው አይገባም። ካስል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ትልቅ ግቢ፣ ዙሪያውን አጥር፣ መሃሉ ላይ ቤተ መንግስት ነው። ታወር ሃውስ ግን አንድ ቤት ነው፣ ክፍሎቹ ጎን ለጎን መሆናቸው ቀርቶ አንዱ ባንዱ ላይ የተቆለሉ። ምድር ቤቱ በድንጋይ ቅስት ተከድኖ ኩሽናና እቃ ቤት ይሆናል፣ ቅስት የሚደረገው ታች እሳት ቢነሳ ወደ ላይ እንዳይዛመት ነው፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ትልቁ አዳራሽ አለ፣ ከዛ በላይ የባለቤቶቹ መኝታ፣ ከዛ በላይ ሌላ መኝታ፣ ደግሞ ሌላ፣ እንዲህ እያለ ጣሪያ ድረስ። ለምን ወደ ላይ ካላችሁ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ንጉሱ ሩቅ ነው፣ ጎረቤት ደመኛ ነው፣ ከብት በሌሊት ይነዳል፣ ስለዚህ ወፍራም ግድግዳ፣ ጠባብ መስኮት፣ አንድ በር። በ1535 የወጣ የፓርላማ ህግማ ዋጋው 100 ፓውንድ የሚደርስ መሬት ያለው ሰው 60 ጫማ በ60 ጫማ የሆነ የድንጋይ አጥር እንዲያጥር ያዝ ነበር፣ በክፉ ቀን ጭሰኛውም ከብቱም የሚገቡበት፣ ባለመሬቱ ካስፈለገው ደግሞ ውስጡ ግንብ ይሰራል። ያ አጥር ባርምኪን ይባላል። ክሬጊቫርም ነበረው፣ ዛሬ የተረፈው ትንሽ ግድግዳና ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ክብ ማማ ናት። ብዙ ሰው አያያትም ምክንያቱም ጀርባውን ለሷ ሰጥቶ ሮዙን ፎቶ እያነሳ ነው።

የሚገርመው ግን እነዚህ ግንቦች በብዛት የተሰሩት ፍርሃቱ ሲቀንስ ነው እንጂ ሲብስ አይደለም። በ1560 ስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ስትሆን የቤተ ክርስቲያን የነበረ መሬት በብዛት ወደ ባላባቱና ወደ ባለገንዘቡ እጅ ገባ፣ በየዓመቱ የተቆረጠ ግብር እየከፈለ ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ሆነ። መሬቱ የሱ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ምን ያደርጋል፣ ይገነባል። ከዛ በ1603 ንጉስ ጄምስ የእንግሊዝንም ዘውድ ደርቦ ወደ ለንደን ሄደ፣ አገሩም ቀስ በቀስ ሰከነ። ግንቡ ግን ቀጠለ፣ ምክንያቱም በዛን ጊዜ ግንብ ማለት "እኔም ከነሱ እኩል ነኝ" ማለት ነበር። ክሬጊቫርን በዚህ ዓይን ካላያችሁት ምሽግ መስሏችሁ ትመለሳላችሁ።

እንግዲህ ወደ ባለቤቱ ልምጣ፣ እሱ ነው እኔን የማረከኝ። ቦታው መጀመሪያ የሞርቲመር ቤተሰብ ነበር፣ ግንባታውንም የጀመሩት እነሱ ናቸው፣ በ1576 አካባቢ። ግን ገንዘብ አለቀባቸው። ቤቱ እዛው ጅምር ሆኖ ቆሞ በ1610 አንድ ዊልያም ፎርብስ የሚባል ነጋዴ ከነሱ ላይ ገዛው። ይሄ ሰውዬ አገሬው "ዳንዚግ ዊሊ" ነበር የሚለው፣ ምክንያቱም ሀብቱን ያፈራው ከዳንዚግ ጋር ሲነግድ ነው፣ ዛሬ ግዳንስክ የምትባለው የፖላንድ የወደብ ከተማ። በዛን ዘመን ስኮትላንዶች በብዙ ሺህ እየሆኑ ወደ ፖላንድ ይሰደዱ ነበር፣ ገሚሱ ሱቅ በደረቴ፣ ገሚሱ ወታደር፣ ገሚሱ ደግሞ ትልቅ ነጋዴ፣ ግዳንስክ ውስጥ እስከዛሬ ስታሬ ሽኮቲ የሚባል ሰፈር አለ፣ ድሮ ስኮቶች የሰፈሩበት። እና ዊሊ ማለት ውጭ ሰርቶ ያጠራቀመ፣ አገሩ ላይ ገንዘብ ያለቀበት ሰው የጀመረውን ቤት ገዝቶ የጨረሰ ዲያስፖራ ነው። ይሄን ታሪክ እኛ ለማወቅ ጋይድ አያስፈልገንም፣ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ እንደዚህ አይነት አጎት አለን፣ የቤቱን ፎቶ በቫይበር እየላከ "ኮርኒሱ እንዴት ነው" የሚል። ወንድሙ ፓትሪክ ደግሞ የአበርዲን ጳጳስ ነበር፣ ስለዚህ ቤተሰቡ ተራ አይደለም፣ ግን ዊሊ ከብር ውጪ ስም ያስፈልገው ነበር። ቤቱን በ1626 ጨረሰ፣ በ1627 ሞተ። ልፋቱን አስቡት። ልጁ በ1630 ባሮኔት ተባለ፣ ማዕረጉ በውርስ የሚተላለፍ ነው፣ ስለዚህ የተፈለገው ነገር ተሳክቷል ማለት ነው፣ አባትየው ግን አላየውም።

አሁን ከውጭ ቆማችሁ እዩት። እኔ ብሆን መጀመሪያ ራቅ ብዬ ሳሩ ላይ እቆማለሁ፣ ከዛ ነው ወደ በሩ የምጠጋው። ፕላኑ ኤል የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ቅርጽ ነው፣ ሁለት ክንፍ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ውስጠኛው ጥግ ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ማማ ገብቶበታል፣ በሩ ያለው እሱ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ቋንቋ ጂ ፕላስ 6 ነው፣ መሬት ላይ የያዘው ቦታ ግን ከአንድ ደህና ቪላ ብዙም አይበልጥም። ታችኛው ግማሽ ምንም የለውም። ባዶ። ሜዳ ግድግዳ፣ አልፎ አልፎ ትንንሽ መስኮት፣ በቃ። ዓይናችሁ ወደ ላይ ሲወጣ ግን አንድ ቦታ ላይ ሁሉ ነገር ይጀምራል፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ከስሩ በረድፍ የተጠረቡ ድንጋዮች ይሸከሙታል፣ ረድፉም ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወጣ ገባ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ቤቱን ይዞራል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ክብ ማማዎች ይንጠለጠላሉ፣ ከነሱ በላይ የጣሪያ ጉልላት፣ ጭስ ማውጫ፣ መሃል ላይ ደግሞ የደረጃው ማማ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ የድንጋይ ባላውስትራ ዙሪያውን ይዞታል። ሜዳው ከታች ባይኖር ያ ሁሉ ጌጥ ከላይ አይታይም ነበር፣ ይሄን ያሰበው ግንበኛ በጣም ጎበዝ ነው። ማን እንደሰራው የተጻፈ ነገር የለም፣ ብዙዎቹ አጥኚዎች ግን ቤል ለሚባሉት የአበርዲንሺር ግንበኞች ቤተሰብ ይሰጡታል፣ ካስል ፍሬዘር የሚባለው እዛው አካባቢ ያለ ግንብ ላይ የአንዱ የቤል ስም ተቀርጾ ይገኛል። አርክቴክት የሚባል ሰው በሌለበት ዘመን አባት ለልጅ እያስተማረ የተሰራ ነው፣ እና ዛሬ በሶፍትዌር እየተሳለ የሚወጣውን አንዳንድ ህንጻ ሳይ ዝም ማለት ይሻለኛል።

በሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ለሰባት ፎቅ ቤት። ከእንጨቱ በር ኋላ የብረት ፍርግርግ በር አለ፣ በስኮትኛ "የት" (yett) ይሉታል፣ እባካችሁ ሰዉ ሲገፋችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት ቆም ብላችሁ እዩት። የኛ አገር ብየዳ የለመደ ሰው ብረት በብረት ላይ ተደርቦ የተያያዘ ይመስለዋል፣ አይደለም። ቋሚው ብረት በአግዳሚው ውስጥ ሰርስሮ ያልፋል፣ በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ አግዳሚው በቋሚው ውስጥ ያልፋል፣ እንደ ሰሌን የተጠለፈ በሉት፣ ስለዚህ አንዱን ብረት ብትቆርጠው እንኳ ሌላውን መዝዘህ ማውጣት አትችልም። ይሄ የስኮትላንድ አንጥረኞች የራሳቸው ዘዴ ነው። አንጥረኛው ቀዳዳውን ያወጣው ብረቱን አግሎ እየበሳ ነው፣ በእጅ፣ ያውም በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ። የጸጥታው ነገር እየቀለለ በሄደበት ጊዜ ቤቱን የጨረሰ ነጋዴ ይሄን በር ማቆየቱ ግማሹ ለሌባ ይመስለኛል፣ ግማሹ ለጎረቤት።

ከዛ ወደ አዳራሹ ትወጣላችሁ። እዚህ ጋር ትንሽ ልዘግይ።

ጣሪያው ቅስት ነው፣ የመካከለኛው ዘመን አይነት፣ ከአራት አቅጣጫ መጥቶ መሃል ላይ የሚገናኝ። እሱ የድሮው ነው። ግን ከዛ ቅስት ላይ በኖራ ልስን የተሰራ ኮርኒስ ጋርደውበታል፣ የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ እየተጠማዘዘ፣ በቀጫጭን መስመሮች የተከፋፈለ፣ ከመሃሉ ወደ ታች የሚንጠለጠሉ እንደ ፋኖስ የሚመስሉ ጌጦች ያሉት፣ በየክፍሉ ደግሞ አበባ፣ የቤተሰብ አርማ፣ የጥንት ጀግኖች ፊት በክብ ውስጥ። ኢያሱም ዳዊትም አሉበት፣ ታላቁ እስክንድርም አለ። ጠፍጣፋ ኮርኒስ ላይ ይሄን መስራት አንድ ነገር ነው፣ ጎባጣ ላይ መስራት ሌላ ነው። መስመሩን በቅስት ላይ እኩል አድርጎ ማስኬድ ስንት ጊዜ እንደሚያስለካ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ በተለይ ሁለት ቅስት የሚገናኝበት ሹል ጠርዝ ላይ። ጌጦቹን እዛው ጣሪያ ላይ አንድ በአንድ አልቀረጹም፣ በሞልድ ነው ያወጧቸው፣ ሞልዱን ደግሞ ይዘው የሚዞሩ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ለዚህ ነው ተመሳሳይ ጌጥ በ1621 ግላምስ ላይ፣ በ1624 ማክልስ ካስል ላይ የሚገኘው። ማለትም ዊሊ የገዛው በዛን ሰሞን በጌቶች ቤት የገባውን አዲስ ፋሽን ነው፣ ሰራተኞቹ አካባቢው ላይ እያሉ፣ ሞልዱ እያለ። ብልህ ነጋዴ።

ምድጃው ላይ ደግሞ ሙሉ ግድግዳውን የያዘ የንጉሱ አርማ አለ፣ እሱም ልስን ነው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሰው መሰል ምሰሶዎች ቆመውለት። አንድ ነጋዴ ሳሎኑ ላይ የንጉስ አርማ ምን ቤት ነው ካላችሁ፣ መሬቱን በቀጥታ ከንጉስ ስለያዘና በግዛቱ ላይ ችሎት የማስቻል መብት ስለነበረው ነው። አዳራሹ ፍርድ ቤትም ነበር ማለት ነው። ጭሰኛው ጉዳዩን ይዞ ሲቆም ከፊቱ የሚታየው ጌታው፣ ከጌታው በላይ ንጉሱ። ከዛ ወደ ኋላ ዞር ስትሉ ከመግቢያው በላይ ለሙዚቀኞች የተሰራች ትንሽ ሰገነት አለች፣ ቀን ችሎት ማታ ጭፈራ እንግዲህ። ፈረንጆቹ ቱሪስቶች አርማውን ነው ሲያነሱ የነበሩት፣ እኔ አንገቴ እስኪያመኝ ኮርኒሱን ሳይ ነበር፣ ጋይዷ ገብቷት መሰለኝ ፈገግ ብላ የታች መብራቱን ሸፈን አድርጋ ቅርጹ በመስኮቱ ብርሃን ብቻ እንዲታየኝ አደረገች፣ ጥላው ሲያርፍበት ሌላ ነገር ሆነ፣ ስትሄዱ ይሄን ጠይቋቸው።

ከአዳራሹ ወደ ላይ ደረጃው ጠመዝማዛ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ከስር የተበላ ድንጋይም አለው። ደረጃው ላይ "ቀዩ ሰር ጆን" የሚባለው የዊሊ ዘር አርማ ተሰቅሏል፣ 1668 ተብሎ ተጽፎበት፣ ከሱ ጋር የተኙ ውሾችን አትቀስቅሱ የሚል በድሮ ስኮትኛ የተቀረጸ ማስጠንቀቂያ። ሰውዬው በቁጣው የታወቀ ነበር፣ ከጎርደን ወገን የሆነ ጠላቱን በሰይፍ እየገፋ በፎቅ መስኮት አውርዶታል ይባላል፣ የዚያ ሰው መንፈስ ደረጃው ላይ ይሰማል ምናምን። ሌላም አለ፣ ኩሽና ያለው ጉድጓድ ውስጥ የሰጠመ ማሲንቆ መቺ አይነት ሰው፣ እሱ ግን የሚታየው ፎርብስ የሚባል ስም ላለው ብቻ ነው አሉ፣ ስለዚህ እኛ ነጻ ነን። የመንፈስ ታሪክ የሌለው ካስል እዚህ አገር ፈቃድ አይሰጠውም መሰለኝ።

ላይኛዎቹ ክፍሎች አነስ አነስ ያሉ ናቸው፣ አንዳንዱ ጥድ እንጨት የተለበጠ። ስኮትላንድ በዛን ጊዜ ትልልቅ ግንድ እንደልብ አልነበራትም፣ በብዛት ከኖርዌይና ከባልቲክ ነበር በመርከብ የሚመጣው፣ በዛ ባህር ላይ ለሚነግድ ሰው እንጨት ማስመጣት ችግር እንደማይሆን ገምቱት። ግድግዳ ላይ ሬበርን የሚባለው ስመ ጥር ሰዓሊ የሳላቸው የአምስተኛው ባሮኔት የሰር ዊልያምና የባለቤቱ የሳራ ሴምፒል ምስል አለ። ሴምፒል የሚለው ስም በሷ በኩል ነው ወደ ቤተሰቡ የገባው። ጣሪያ ስር ደግሞ ረጅሙ ጋለሪ አለ፣ ዝናብ በሆነ ቀን የሚንሸራሸሩበት፣ እዚህ አገር ዝናብ ያልሆነ ቀን ጥቂት ስለሆነ ጥሩ ግምት ነው።

እና ዋናው ነገር፣ ላይ መብራት የለም። ኤሌክትሪክ አልገባም፣ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፣ "አይታይም" ይላል። ለኔ ግን ለመሄድ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ያ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ የተቆረጠ መስኮት ብርሃኑን እንዴት እንደሚያስገባ፣ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ራቅ ስትሉ እንዴት እንደሚጨልም፣ ሰዎቹ ወንበራቸውን ለምን መስኮቱ ስር እንዳስጠጉት በዓይናችሁ ታያላችሁ። አምፖል ቢገባ ይሄ ሁሉ ይጠፋል። ደመና በበዛበት ቀን ከሰዓት አትሂዱ፣ ጠዋት ይሻላል፣ ፀሃይ ካለ ደግሞ እድለኛ ናችሁ።

ብዙ የስኮትላንድ ካስሎች ከጊዜ በኋላ ክንፍ ተቀጥሎላቸዋል፣ የቪክቶሪያ ዘመን ባለቤቶች ሀብት ሲጨምር ሳሎን ይጨምራሉ፣ ኳስ ሜዳ የሚያህል ምግብ ቤት ይጨምራሉ። ክሬጊቫር ላይ ይሄ አልሆነም። ቤተሰቡ ሌላ ቤት ስለነበረው ይሄን የበጋ ማረፊያ አድርጎት ኖረ እንጂ አላሰፋውም። እንደውም በ1820ዎቹ ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር ይባላል፣ በጊዜው የነበረው ሰር ጆን ፎርብስ የአበርዲኑን አርክቴክት ጆን ስሚዝን አማከረ፣ ስሚዝ ደግሞ ይሄማ መጠበቅ ያለበት ነው ብሎ መከረው፣ ጣሪያው ታደሰ፣ ተረፈ። ሮዝ ቀለሙም ከዛ እድሳት ጋር ነው የመጣው የሚባለው፣ ከዛ በፊት ክሬም ነገር ነበር። ስለዚህ ዳንዚግ ዊሊ ቤቱን ሮዝ ሆኖ አላየውም። ሮዙን የኔ ብሎ የሚከራከር ካለ ሰር ጆን ነው።

አሁን ስለ ልስኑ። ግድግዳው ግራናይት ነው፣ ጥግና መስኮት ላይ ጥርብ፣ ሌላው ቦታ ላይ እንደመጣ የተደረደረ፣ ድንጋዩ እንደዛው ቢተው ዝናቡ በመገጣጠሚያው ይገባል። ስለዚህ ኖራ፣ አሸዋና ጠጠር ቀላቅለው ግድግዳው ላይ እየወረወሩ ይለጥፉታል፣ ወርውረው ነው፣ አይለስኑትም፣ ሲወረወር ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ላዩም ሻካራ ስለሚሆን ውሃው ተበታትኖ ይወርዳል ቶሎም ይደርቃል። ከዛ የኖራ ቀለም ብዙ ጊዜ ይደራረብበታል። ኖራ ይተነፍሳል፣ ውስጥ የገባ እርጥበት ተመልሶ ይወጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሲሚንቶ መጣና እዚህም ቤት ላይ ሲሚንቶ ያለበት ልስን ተለሰነ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው ብለን ነው ሁላችንም የምናስበው። ቤቱ ግን ይንቀሳቀሳል፣ በብርድና በሙቀት ይጠብቃል ይላላል፣ ሲሚንቶው አብሮ መለጠጥ ስለማይችል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፣ በዛች ስንጥቅ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ እነዛ ኮርኒሶች ላይ፣ እንጨቱ ላይ። ቤቱን አሁን የያዘው ናሽናል ትረስት ፎር ስኮትላንድ የሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ቤቱን ዘግቶ ከ2007 ጀምሮ ሲሚንቶውን በሙሉ አስፈልፍሎ በኖራ አስለሰነው፣ በ2010 ተከፈተ። ከዛ በ2023 እንደገና ተዘግቶ ቀለሙ ከላይ እስከ ታች ተቀብቶ በ2024 ተከፈተ። "ለምን ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፣ ጥራት የለውም ማለት ነው" የሚል አስተያየት አይቻለሁ፣ አይደለም ወዳጄ፣ የኖራ ቀለም ስራው ራሱ ማለቅ ነው፣ ዝናቡ እሱን ይበላል ድንጋዩን አይነካም። አገር ቤት የድንጋይና የጭቃ ቅርስ ላይ ሲሚንቶ ካላፈሰስን የምትሉ ኮንትራክተሮች ይሄን ቤት መጥታችሁ እዩልኝ።

ባሁኑ ጊዜ የቀለሙ ሮዝ ጠንከር ያለ ነው፣ ደማቅ። ፎቶ ላይ ያምራል፣ በዓይን ሲታይ ለኔ ትንሽ ይበዛል፣ ዝናብ ሁለት ሶስት ክረምት ሲያጥበው የሚሻል ይመስለኛል። የዲዝኒው ሮዝ ካስል ከዚህ ነው የተወሰደው የሚለውን ወሬ ደግሞ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ማስረጃ ያቀረበ ሰው አላየሁም፣ ቲኬት ለመሸጥ ግን ይጠቅማል።

ቤተሰቡ እስከ 1963 ይኖርበት ነበር፣ ከዛ ነው ለትረስቱ የተላለፈው። ከመጨረሻዎቹ ባለቤቶች አንዱ ሎርድ ሴምፒል አብራሪ ነበር፣ በ1921 ወደ ጃፓን ሄዶ የባህር ኃይላቸውን አቪዬሽን ያሰለጠነ ቡድን የመራ፣ ኋላ ለጃፓን መረጃ አሳልፏል የተባለ ሰውዬ። ለራሱ ሌላ ሪቪው ይወጣዋል። ይሄን ያነሳሁት ቤቱ ሙዚየም እንዳይመስላችሁ ነው፣ እቃው የቤተሰቡ እቃ ነው፣ ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦ አርጅቷል።

አሁን ለመሄድ ላሰበ ሰው። ጉብኝቱ በጋይድ ነው፣ በቡድን፣ ቡድኑ ትንሽ ነው ምክንያቱም ደረጃው ሁለት ሰው አያሳልፍም። ጋይዶቹ ጥያቄ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ ዝም ካላችኋቸው ግን የመንፈሱን ታሪክ ነው የሚነግሯችሁ፣ ስለዚህ ስለ ልስኑ ጠይቁ። ሊፍት የለም፣ ሊገባም አይችልም፣ ጉልበት የሚያማቸው እናት ወይ አባት ይዛችሁ ከሆነ አዳራሹን አይተው ታች ቢጠብቁ ይሻላል፣ ጋሪ ያለው ህጻንም እንደዛው። ዓመቱን ሙሉ አይከፈትም፣ ቀኑን ዌብሳይታቸው ላይ አይታችሁ ቲኬት ኦንላይን ቁረጡ። የእንግሊዙ ናሽናል ትረስት አባል የሆናችሁ መግቢያ አትከፍሉም፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ይከፍላል። መኪና ከሌላችሁ ነገሩ ይከብዳል፣ አውቶብስ ከአበርዲን አልፎርድ ድረስ ይወስዳችኋል፣ ከዛ በኋላ ታክሲ ነው፣ እኔ የያዝኩት ታክሲ ለመመለሻ እመጣለሁ ብሎ በዛው ቀረ፣ ስለዚህ የመመለሻውን ቀድማችሁ አስይዙ፣ ወይም መኪና ያለው ጓደኛ በምሳ ግብዣ አባብሉ። ምሳውን ደግሞ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ ሳሩ ላይ መቀመጥ ይቻላል፣ ዙሪያው ጫካና ኮረብታ ነው።

ልጆች ካሏችሁና አንድ ብቻ ማየት የምትችሉ ከሆነ በእውነቱ ክራዝስ ካስል ይሻላችኋል። ከአበርዲን ወደ ባንከሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ለአውቶብስም ይመቻል። እሱም ታወር ሃውስ ነው፣ በ1553 ተጀምሮ በ1596 ያለቀ፣ ኮርኒሱ በልስን ሳይሆን በቀለም ነው የተጌጠው፣ እንጨቱ ላይ ሰዎች ተስለው ጽሁፍ ተጽፎባቸው፣ ዘጠኙ ሙዝስ (Muses) የሚባሉት የግሪክ አፈ ታሪክ የጥበብ አማልክት በ1599፣ ዘጠኙ ጀግኖች በ1602። በ1702 የተተከሉ የው (yew) የሚባሉ ትልልቅ ዛፎች ተከርክመው አጥር የሆኑበት አትክልት ቦታ አለ፣ ልጆች ይሮጡበታል፣ ካፌ አለ። ሰፊ ነው፣ ምቹ ነው። ግን ክንፍ ተቀጥሎለት በ1966 ያ ክንፍ ተቃጥሎ ያውቃል፣ ክሬጊቫር ያለው ያ ያልተነካ ነገር የለውም። ሁለቱንም በአንድ ቀን በመኪና ማየት ይቻላል፣ ጠዋት ክሬጊቫር ለብርሃኑ፣ ከሰዓት ክራዝስ ለልጆቹ።

ከአምስት ለቤቱ አምስት፣ ለመንገዱ ሁለት። ለፎቶ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ የውጭው ግቢ ይበቃችኋል፣ ቲኬት አትግዙ፣ ቦታውን ኮርኒስ ማየት ለሚፈልግ ሰው ልቀቁለት።